ሚዛን የሌለው የውድድር ዘመን

ካያክ በተባለች የአንድ ሰው ጀልባ ባስ የተባለውን ዓሣ የማጥመድ ውድድርን በዓይኑ ለማየት ማልዶ ወደ ወንዙ የወረደ ሰው የሚጠብቀው ባዶ ውሃ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጎሕ ሳይቀድ ከየዳርቻው ካያካቸውን አስገብተው ተበትነዋል፤ አንዱ ሣሩ መሐል ገብቶ ተሰውሯል፣ ሌላው የድልድዩን ምሰሶ ዞሮ ሄዷል። ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለም፣ የሚጮህ ደጋፊ የለም። በዚያው ሰዓት ግን በየሰው ስልክ ላይ አንድ የደረጃ ሰንጠረዥ ይተራመሳል፤ ሲመራ የነበረው አራተኛ ይሆናል፣ ስሙ ያልተጠራው ብቅ ይላል። ተመልካች የሚያየው ጨዋታ ቢኖር ይኸው ሰንጠረዥ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ድርሰት መተቸት ይቻላል ወይ? ይቻላል እላለሁ። የውድድር ዘመን የሚጻፍ ነገር ነው፤ መቼት አለው፣ ልብ የሚያንጠለጥልበት ስልት አለው፣ ደራሲም አለው፤ ደራሲው የደንብ መጽሐፉን ያረቀቀው ኮሚቴ ነው። እዚህ የማነበው በፖቶማክ ወንዝና በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይኛው ጫፍ ዙሪያ የአካባቢ ክለቦች ከጸደይ መግቢያ እስከ ቅጠል መርገፊያ የሚያካሂዱትን ዓይነት የውድድር ዘመን ነው። ማን ስንት አስመዘገበ የሚለው ጉዳዬ አይደለም፤ ደንቡና ውሃው አብረው ምን ዓይነት ታሪክ ይጽፋሉ የሚለው ነው። ሥፍራውም ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ የዉድሮው ዊልሰንን ድልድይ በየዕለቱ የሚሻገር ሐበሻ ብዙ ነው፤ ከሥሩ ፕላስቲክ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ፔዳል የሚመታውን ሰው ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ድርሰት ዋና ገጸ ባሕርይ ሰውም ዓሣም አይደለም፤ የመለኪያ ሰሌዳ ነው። አንድ ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ማገጃ አለው፣ ከዚያ ወዲያ ኢንች በኢንች ተሰምሯል። አጥማጁ ባሱን ከውሃ ያወጣል፣ ጭኑ ላይ ባጋደመው ሰሌዳ ያስተኛዋል፣ አፉን ዘግቶ ከማገጃው ያስነካዋል፣ ጭራው የደረሰበት መስመር እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ያነሳዋል። ለዚያ ውድድር ብቻ የተሰጠ መለያ ኮድ ፎቶው ውስጥ መታየት አለበት፤ ኮዱ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ይፋ የሚሆነው ያለፈው ሳምንት ዓሣ የዛሬ መስሎ እንዳይቀርብ ነው። ከዚያ ዓሣው እዚያው የተያዘበት ውሃ ውስጥ ይለቀቃል፤ ፎቶው ተርኒኤክስን በመሰለ መተግበሪያ ለዳኞች ይላካል። የአምስቱ ረጃጅም ዓሦች ርዝመት ተደምሮ ውጤት ይሆናል። ልኬቱ በሩብ ኢንች ነው፤ ጭራው መስመሩን ካልነካ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይጠጋም። እያንዳንዳቸው 18 ኢንች የሆኑ አምስት ባሶች 90 ኢንች ያስገኛሉ፤ መቶ ኢንች የሞላበት ቀን ደግሞ ብዙው አጥማጅ ሳያየው የሚያረጅ ቀን ነው።

ይህ ደንብ ምን ያህል አዲስ እንደሆነ የሚገባው ከምን እንደተወለደ ሲታይ ነው። ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ ኢንሹራንስ ሻጭ በ1967 ለማጥመድ ሚሲሲፒ ሄዶ ዝናብ አገደው። ጃክሰን ከተማ ሆቴሉ ውስጥ ተቀምጦ የቅርጫት ኳስ በቴሌቪዥን ሲያይ ባስ ማጥመድም እንዲህ ውድድር ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ መጣለት። በዚያው ዓመት ጁን ላይ አርካንሳስ ውስጥ በቢቨር ሐይቅ 106 አጥማጆች ሰብስቦ ሐሳቡን ፈጸመው፤ በማግስቱ ዓመት ዛሬ ድረስ ትልቁ የሆነውን የባስ አጥማጆች ማኅበር አቋቋመ። በ1971 ክላሲክ የተባለውን ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በሚድ ሐይቅ አካሄደ፤ በ1972 ደግሞ የተያዘውን ዓሣ በሕይወት መልሶ የመልቀቅ ዘመቻ ከፈተ። ስኮት መድረክ ያውቅበት ነበር። የእሱ ውድድር የሚጠናቀቀው በሚዛን ነው። አጥማጁ ከጀልባው የውሃ ገንዳ ያወጣውን ዓሣ ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ሚዛኑ እስኪረጋ ዝም ይባላል፣ ቁጥሩ በማይክራፎን ይጠራል፣ ጩኸቱ ይፈነዳል። ከዚያ ወዲህ የተነሱ አብዛኞቹ የባስ ውድድሮች ይህንን የመጨረሻ ትዕይንት እየደገሙ ኖረዋል።

የትዕይንቱን ዋጋ የሚከፍለው ዓሣው ነው። ባሱ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ሰዓታት ይቆያል፣ በከረጢት ይሸከሙታል፣ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ በመጨረሻም መድረኩ አጠገብ ይለቀቃል እንጂ የተያዘበት ቦታ አይመለስም። ውሃው በሞቀበት የበጋ ወር ሲለቀቅ እየዋኘ የሄደው ሁሉ በሕይወት ይሰነብታል ማለት አይደለም። በጸደይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የባስ ጎጆ ጠባቂው ወንዱ ነው፤ እሱ ለግማሽ ቀን ገንዳ ውስጥ ሲታሰር እንቁላሉን ትናንሾቹ ዓሦች ይለቅሙታል። የሜሪላንድ ሕግ የባሕር ሙላትና ጉድለት በሚደርስበት ውሃ ውስጥ ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ከ15 ኢንች በታች የሆነ ባስ ይዞ መቆየትን ይከለክላል፤ ከዚያ በኋላ ገደቡ 12 ኢንች ይሆናል። ሕጉ የመራቢያውን ወቅት አስቦ የወጣ ነው፤ ካያኩ ግን ከሕጉ አልፎ ሄዷል። ደግሞ በደግነት አይደለም። ካያክ ላይ ገንዳ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፤ በቃ። ዓሣ መያዣ ስለጠፋ ዓሣ መልቀቅ ግዴታ ሆነ፣ ዓሣው ስለተለቀቀ ማስረጃ የሚሆን ፎቶ አስፈለገ፣ ፎቶ ክብደት ስለማያሳይ ርዝመት ነገሠ። በመላው የባስ ውድድር ዓለም ለዓሣው ከሁሉ የተሻለው ደንብ የመጣው ከቦታ ጥበት ነው።

ስለ ሐቀኝነት ሲነሳም ሰሌዳው ከሚዛኑ ይበልጣል ባይ ነኝ። በሴፕቴምበር 2022 ክሊቭላንድ ውስጥ ዎልአይ በሚባለው ዓሣ የኤሪ ሐይቅ ውድድር ሲጠናቀቅ የአሸናፊዎቹ ዓሦች ለዓይን ከሚመስለው በላይ ከበዱ። አዘጋጁ ሆዳቸውን ሲቀድ የእርሳስ ድብልብሎች ወጡ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች በ2023 ጥፋታቸውን አምነው አሥር አሥር ቀን እስራት ተፈረደባቸው፣ የተወዳደሩበትን ጀልባም አጡ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። የካያክ ደንብ አርቃቂዎች ያን ቪዲዮ ሲያዩ ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም፤ እርሳስ ዓሣን ያከብደዋል እንጂ አያስረዝመውም።

ሰሌዳውም የራሱ ፈተና አለው እንጂ መላእክት ብቻ የሚወዳደሩበት አይደለም። ሰሌዳ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነካካል፣ አንዱን ዓሣ ሁለት ጊዜ አንስቶ እንደ ሁለት ማቅረብም ይሞከራል። ደንቡ ለእያንዳንዱ መልስ አዘጋጅቷል። ሆግ ትሮፍን ወይም ኬችን የመሰሉ የታወቁ ሰሌዳዎች ብቻ ይፈቀዳሉ፤ ፎቶው የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ይመረመራል፤ ጎኑ ላይ ያለው ጥቁር ዝንጉርጉር ከዓሣ ዓሣ ስለሚለያይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይታወቃል፤ ገንዘቡ ከፍ ባለባቸው ውድድሮች አሸናፊው የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የምወደው አንድ ነገር አለ። በስኮት ውድድር አጥማጁ ጀልባው ላይ ሌላ ሰው አለ፤ ያየዋል። ካያክ ላይ ብቻውን ነው። ስለዚህ ደንቡ ሰውየውን በራሱ ላይ ምስክር አድርጎ አቁሞታል፤ የያዘው እሱ፣ የለካው እሱ፣ ያነሳው እሱ፣ ስህተቱ ቢገኝ የሚቀጣበትን ማስረጃ የላከውም እሱ። እጁ ጭራውን ሸፍኖ ከሆነ ይቀነስበታል፤ ኮዱ ካልታየ ዓሣው እንዳልተያዘ ይቆጠራል። ብዙዎች ይህን የቢሮ ጣጣ ይሉታል። ለእኔ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ በተሻለ የተጻፈው ምዕራፍ ይህ ነው።

እዚሁ ላይ ዘመኑ ያለው ምርጥ ትዕይንትም ይወለዳል። ሃያ ኢንች የሚሆን ባስ በመረብ ገብቷል፣ መንጠቆው ወጥቷል፣ ሰሌዳው ላይ ተኝቷል፤ አጥማጁ አንድ እጁን አንስቶ ስልኩን ሲያነጣጥር ዓሣው አንዴ ይፈራገጣል። ከሰሌዳው ላይ ዘሎ ወደ ውሃው። ዓሣው ተይዟል፣ ሰውየው በእጁ ዳስሶታል፣ ለምስክርነት እግዜርና ሽመላዎቹ አሉ፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን ዜሮ ነው። በሚዛን ውድድር እንዲህ ያለ ትራጀዲ የለም፤ ገንዳ ውስጥ የገባ ዓሣ የገባ ነው። ችግሩ ይህን ትዕይንት ከባለቤቱ በቀር ማንም አለማየቱ ነው። አሁን አሁን ብዙዎች ካያካቸው ላይ ካሜራ ተክለው ስለሚሄዱ በዩቲዩብ ከሳምንት በኋላ እናየዋለን፤ ያን ጊዜ ግን ውጤቱ ታውቆ ነገሩ ቀዝቅዟል።

ርዝመትን መምረጥ ያስከተለውን ኪሳራ ግን አላልፈውም። በማርች መጨረሻ እንቁላል ያዘለች ሃያ ኢንች ባስ ሆዷ እስኪወጠር ትከብዳለች፤ እንቁላሏን ጥላ የከሳች ሃያ ኢንች ባስ በጁላይ ስትያዝ ጭንቅላቷ ከአካሏ ይበልጣል። ሚዛን ሁለቱን ይለያል፤ ከአንድ ፓውንድ በላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ሰሌዳው ሁለቱንም 20.00 ብሎ ይጽፋል። ክብደት ዓሣው ባለፈው ወር ምን በላ፣ ወቅቱ ምን ሰጠው የሚለውን ይናገራል፤ ርዝመት የሚናገረው ዕድሜን ነው። በዚህ ምክንያት የካያክ የውድድር ዘመን ውጤቶችን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ከቁጥሮቹ ወቅቱን መገመት ይቸግረዋል። የጸደይ ጥጋብና የበጋ መክሳት ከገጹ ላይ ጠፍተዋል። ዓሣው ቶሎ ስለሚለቀቅ ዋጋውን እከፍላለሁ፤ የተከፈለ ዋጋ እንደሆነ ግን ይታወቅ።

ስለ ልብ አንጠልጣይነት እንነጋገር። አዘጋጆቹ አንድ ጥሩ ስልት አግኝተዋል፤ የደረጃ ሰንጠረዡ ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም ይታያል፣ በመጨረሻው ሰዓት ገደማ ግን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚያዘው ዓሣ የት እንዳደረሰው አጥማጁም አያውቅም፣ ቤቱ ሆኖ የሚከታተለውም አያውቅም፤ ሁሉም የሚያውቀው ሽልማቱ ሲነገር ነው። ስኮት በመድረክና በሚዛን ያመጣውን ዝምታ እነዚህ አንድ መስኮት በመዝጋት አምጥተውታል። ብልሃቱን ግን ያበላሸው ሌላ ልማድ አለ። መተግበሪያው ፎቶን ዘግይቶ መላክ ይፈቅዳል፤ በየጅረቱ ጉያ ኔትወርክ ስለሌለ መፍቀዱ ግድ ነው። ብልጦቹ ታዲያ በዚህች ቀዳዳ ገብተው ትልልቅ ዓሦቻቸውን ስልካቸው ውስጥ ደብቀው ይውላሉ፤ ተቀናቃኝ እንዳይነቃ፣ ቦታ እንዳይታወቅ። ስለዚህ ጠዋት የምናየው ሰንጠረዥ የሚመራውን ሳይሆን የቸኮለውን ሰው ያሳየናል። በደንብ ረገድ የሚከለክለው ላይኖር ይችላል፤ በድርሰት ረገድ ግን ተራኪው አንባቢን ሲዋሽ እንደመገኘት ነው። ፎቶው በተነሳ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ የተወሰነ ይቀነስ የሚል አንቀጽ ቢገባ፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ በቅድሚያ በካርታ ላይ ተለይቶ፣ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር።

አሁን ወደ መቼቱ። ዘመኑ ብዙ ጊዜ አሪፍ የሚሆነው መክፈቻው ላይ ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ዋሽንግተን ውስጥ ቼይን ድልድይ አጠገብ ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚያ በታች ያለው ፖቶማክ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲሞላ ሣሩ ውስጥ የተበተነው ላርጅማውዝ የተባለው የባስ ዓይነት ሲጎድል ማታዎማንን በመሰሉ ገባር ጅረቶች አፍ ላይ ይሰበሰባል። ሰዓቱን ያላነበበ ሰው ጥሩ ቦታ ላይ በመጥፎ ሰዓት ተጎልቶ ይውላል። ባለ ትልቅ ሞተር ጀልባ ያለው ሙላቱን እየተከተለ ከጅረት ጅረት ሃያ ማይል ይበራል። ካያከኛው ጠዋት የገባበት ጅረት የዕለቱ ዕጣው ነው፤ ምርጫው ሁሉ የሚጠናቀቀው ከመኝታው በፊት ካርታ ላይ አጎንብሶ ነው። ውድድሩን የሚያጣፍጠው ይህ መታሰር ነው። መቼም ሁሉ ቦታ መድረስ የሚችል ሰው ታሪክ አይኖረውም።

በሳስኩሃና ወንዝ አፍ፣ ሃቭር ደ ግሬስ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ጥልቀት አልባ ሜዳ ሌላ ገጽ ነው። ሣሩ ግሩም ነው፤ ነፋስ ከደቡብ ሲነሳ ግን መጠለያ የለም፤ በላይ በኩል ደግሞ ከ1928 ጀምሮ ያለው የኮኖዊንጎ ግድብ ውሃ ሲለቅ ወንዙ ጠባዩን ይለውጣል። በአንጻሩ ሃርፐርስ ፌሪ አካባቢ ላይኛው ፖቶማክ ድንጋይና ፈጣን ውሃ ነው፤ እዚያ የሚያዘው ስሞልማውዝ የተባለው ሌላው የባስ ዓይነት ነው፣ ካያኩም ከየትኛውም ጀልባ ይልቅ ለቦታው የተወለደ የሚመስለው እዚያ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የኑክሌር ማመንጫ እንዲያቀዘቅዝ በ1972 የተገደበው አና ሐይቅ ደግሞ በብርድ ወራት ሌላው ውሃ ሲተኛ የሚነቃ ቦታ ነው። እነዚህን አራት ጠባዮች በአንድ ዘመን ውስጥ የሚያፈራርቅ ክለብ አጥማጁን በእውነት ይፈትናል። አንዱን ሐይቅ ሦስቴ የሚደጋግም ክለብ የሚፈትነው የሐይቁን ጎረቤት ብቻ ነው።

መሐሉ ላይ ዘመኑ ይላላል። ክለቦቹ በሞቃቱ ወራት ወር ሙሉ የሚቆይ የኦንላይን ውድድር ይጨምራሉ፤ አባሉ በተፈቀደው ክልል ውስጥ በፈለገው ቀን፣ በፈለገው ውሃ ያጠምድና ፎቶ ይልካል። ለሥራ ሰው መልካም ነው፤ ቅዳሜ ፈረቃ ያለበት ነርስም ሾፌርም ይሳተፋል። እንደ ውድድር ግን አጥንት የለውም። አንዱ በማለዳ ጤዛ፣ ሌላው በነጎድጓድ ዋዜማ፣ ሦስተኛው የግል ኩሬ በሚመስል ጸጥተኛ ቦታ ያጠመደውን ደምሮ ደረጃ መስጠት የአንድ ቀን ፍልሚያ ያለውን ክብደት አይሰጥም። የኦንላይኑ ነጥብ ለዓመቱ ምርጥ አጥማጅ በሚሰጠው ድምር ውስጥ እኩል ሲገባ ደግሞ ጉዳዩ ጊዜ ያለውን መሸለም ይሆናል።

ካያክ የድሃ ሰው ጀልባ ነው የሚለው ዝማሬስ? በመነሻው እውነት ነበር። የአርክቲክ ሕዝቦች በአቆስጣ ቆዳ የሠሩት ጀልባ ነው፤ ለእኛ ከጣና ታንኳ የሚርቅ አይደለም፤ አንድ ሰው፣ አንድ መቅዘፊያ፣ ከውሃው ጋር ትከሻ ለትከሻ። ዛሬ የውድድር ካያክ ከዚያ ብዙ ርቋል። ሆቢ የተባለው ኩባንያ በ1997 በእግር የሚነዳውን ፔዳል ካወጣ ወዲህ እጅ ለዘንጉ ነፃ ወጣ፤ ያ ለጨዋታው ትልቅ ስጦታ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ግን አጠራጣሪ ነው። ፔዳል ያለው አዲስ ካያክ ሦስትና አራት ሺህ ዶላር መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። አንዳንድ ውድድሮች የሰው ጉልበት ብቻ ይላሉ፣ ሌሎች የኤሌክትሪክ ሞተር ይፈቅዳሉ። በ2018 ጋርሚን ያወጣው ላይቭስኮፕ ደግሞ ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ ሲዋኝ በስክሪን ያሳያል። በትልልቅ ጀልባዎች ሜጀር ሊግ ፊሺንግ በ2025 ይህን መሣሪያ ከቀኑ ሦስት ክፍለ ጊዜ በአንዱ ብቻ እንዲሆን ገድቦታል። የአካባቢ ክለብ ከዚህ ጥብቅ ቢሆን ማንም አይቀየመውም ነበር። የፖቶማክ ጅረት ውስጥ ብቻውን በተቀመጠ ሰው ላይ የጠቀስኩት ያ ውብ መታሰር፣ ሞተርና ስክሪን ሲገጠምለት እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲጨርስ ትንሽ የባስ ጀልባ ብቻ ይቀረናል። ሰሌዳው ላይ ያን ያህል የተጨነቀ ኮሚቴ እዚህ ላይ እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ይገርመኛል።

ደንቡ ሳያውቀው የጻፈው አንድ ቀልድ አለ። ባስ በዚህ ወንዝ መጤ ነው። በ1854 ዊሊያም ሽራይቨር የተባለ ሰው ስሞልማውዝ ባሶችን ከኦሃዮ ተፋሰስ በቆርቆሮ ባልዲ ይዞ፣ ባልዲውን የባቡሩ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እየነከረ፣ ከምዕራብ ወደ ኩምበርላንድ አመጣቸው፤ ከዚያ በፖቶማክ ተባዙ። ላርጅማውዙም በኋላ ነው የመጣው። ባሱ የሚሸሸግበት ሃይድሪላ የተባለው ሣር ራሱ በ1982 ወንዙ ውስጥ የተገኘ መጤ ነው። (ባስ በዚያው ዘዴ ዓለምን ዞሯል፤ ጎረቤታችን ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ የደረሰው በ1929 ነው።) እና በ2002 ክሮፍተን በምትባል የሜሪላንድ ከተማ ኩሬ ውስጥ ስኔክሄድ የተባለው የእስያ ዓሣ ሲገኝ ኩሬው በመርዝ ታጠበ፤ በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ታየ። ዛሬ ካያከኛው በአንድ ጠዋት ከአንድ ሣር ሥር ሁለቱንም ይይዛል። ባሱን አፉን ዘግቶ፣ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ በሁለት እጁ ወደ ውሃ ይመልሰዋል። ስኔክሄዱን ይገድለዋል፤ ባለሥልጣናቱም እንዲገድለው ይፈልጋሉ፣ በሕይወት ይዞት መገኘትም አይፈቀድለትም። ሁለቱም ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፤ አንዱ መቶ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ መጣ። ስደተኛ ሆኖ ይህን ያነበበ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ስኔክሄድ ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው፤ በባቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጥብስ በልቶ ያደገ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ አያጠራጥርም። እንደ ተቺ የማነሳው ግን ሌላ ነው። ስኔክሄድ ብርቱ ተዋጊ ነው፣ ከባስ ይልቅ ይረዝማል፣ ካያክ የሚገባበትን ጥልቀት የሌለው ሣር ይወዳል። በዘመኑ መሐል የላላውን የኦንላይን ወር ለስኔክሄድ ቢሰጡት፣ ተይዞ ስለማይለቀቅ ሚዛኑም ይመለስ ነበር፣ ሽልማቱም እራት ይሆን ነበር።

ስለ ደኅንነት ደንቡ አጭርና ጥብቅ ነው፤ ተንሳፋፊ ጃኬት ውሃ ላይ እስካሉ ድረስ አይወልቅም። ሕጉ ለአዋቂ ሰው ጃኬቱ ጀልባው ላይ መኖሩን ነው የሚጠይቀው፤ ክለቦቹ መልበስን ግዴታ አድርገዋል። ማርች ላይ ፀሐይዋ ታሳስታለች፤ ሰው በሸሚዝ ሆኖ የሚቀዝፍበት ውሃ ገና የክረምት ውሃ ነው። በዚህ ጉዳይ የምለው ሌላ የለኝም፤ አንቀጹ ሥራውን ይሠራል።

የመዝጊያው ክፍል ደካማ ነው። በአብዛኛው ክለቦች የዓመቱ ምርጥ አጥማጅ የሚለየው በነጥብ ድምር ነው፤ ከዚያ ለክልልና ለአገር አቀፍ ሻምፒዮና የሚያልፉት ይታወቃሉ። ስለዚህ የቅጠል መርገፊያው የመጨረሻ ውድድር ከማለቁ በፊት ግማሹ ተወዳዳሪ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፤ የአካባቢው ዘመን ራሱን የቻለ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ለሌላ ታሪክ ማጣሪያ ይሆናል። ቅር የሚያሰኘኝ ክለቡ የራሱን ትልቁን ሀብት ሳያነብ ዘመኑን መዝጋቱ ነው። እያንዳንዱ ዓሣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ርዝመቱና ጎኑ ላይ ያለው ዝንጉርጉር ተመዝግቦ አለ፤ ተመልሶ በሌላ ወር ሌላ ሰው ሰሌዳ ላይ የተኛ ዓሣ ይኑር አይኑር ከፎቶዎቹ መለየት ይቻላል። የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ጀልባና ሠራተኛ አሰማርቶ የሚሰበስበው ዓይነት መረጃ ነው፤ እዚህ በነፃ፣ በአጥማጁ ላብ፣ በሩብ ኢንች ጥራት ተከማችቷል። ከሽልማቱ ማግስት አንድ ኮሚቴ ተቀምጦ ይህን ለክፍለ ግዛቱ ቢያስረክብ ዘመኑ ከሰንጠረዥ የሚበልጥ ነገር ያበረክት ነበር። እንቅፋቱ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ፎቶው ላይ ቦታው አለ፣ አጥማጅ ደግሞ ባሱን የያዘበትን ሣር ለገዛ ወንድሙም አይናገርም።